ስለ ካዲስ ዝንብ አሠራር የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ሰበታ ዳር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ከጠረጴዛ ጫፍ ጋር በተጠመደች ትንሽ ሞርሳ፣ ትራውት ለሚባለው ዓሣ ማጥመጃ የሚሆኑ ሰው ሠራሽ ዝንቦችን፣ መንጠቆ ላይ ክር፣ ሱፍና ጸጉር እየጠመጠሙ፣ እንዴት እንደሚያስሩ ለወጣቶች አስተምራለሁ። ትራውት ራሱ በአቅራቢያችን የለም፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ወራጅ ውኃ የሚፈልግ ዓሣ በመሆኑ አቃቂም ሆነ የሰበታ ወንዝ አይስማማውም። የምናጠምደው ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች ሲሆን፣ እዚያም ቢሆን ዓሣው በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንጂ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። ዝንቡ የሚታሰረው ግን እዚህ ነው፤ ትራውት ስለሚበላው ነፍሳት፣ ስለ ካዲስ፣ የሚነገረውን ስህተት ደግሜ ደጋግሜ የምሰማውም እዚሁ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

«ካዲስ ማለት ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ባለ ክንፉ ዝንብ ነው።» ከሁሉ ያሰለቸኝ ይህ ነው። አዲስ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ በስልኩ ያየውን፣ ክንፉ ከጸጉር የተሠራ ተንሳፋፊ ዝንብ አውጥቶ ያሳየኝና «ጋሼ፣ ከዚህ እንጀምር» ይለኛል። ካዲስ ግን እንደ ቢራቢሮ አራት የዕድገት ደረጃዎች ያሉት ነፍሳት ነው፤ ከዕንቁላል እጭ ይሆናል፣ ከእጭ ፑፓ፣ ከፑፓ ክንፍ ያለው ዝንብ። በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘንድ እጩ ለወራት ውኃ ውስጥ ሲኖር፣ ክንፍ ያወጣው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቆያል። ትራውት ዓመቱን ሙሉ ከወንዙ ወለል ላይ የሚለቅመው እጩን ነው። ታዲያ ከመጨረሻው ደረጃ ጀምሮ ማስተማር ምን ይባላል?

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ክር አላስነካቸውም። ከሰበታ ወደ ላይ፣ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ወዳለ ምንጭ ወስጄ ድንጋይ አስገለብጣቸዋለሁ። በድንጋዩ ሆድ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ከአሸዋ ቅንጣት ወይም ከቅጠል ቁራጭ የተሠራች ቱቦ ተጣብቃ ትገኛለች፤ እጩ ከአፉ በሚያወጣው እንደ ሐር ያለ ክር ውኃ ውስጥ እያጣበቀ የሠራት ቤቱ ናት። አንድ ተማሪዬ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ሊጥላት ሲል ከእጁ ተቀብዬ፣ ውኃ በያዘ ነጭ ሳህን ውስጥ አኖርኳትና እንጠብቅ አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ጠቆር ያለ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ከጭንቅላቱ ሥር የተጠጋጉ ስድስት እግሮች፣ ከዚያ ቤቱን እየጎተተ በሳህኑ ላይ መሄድ ጀመረ። ይህን ያየ ሰው ገላው ለስላሳና ፈዛዛ፣ ጭንቅላቱ ጠቆር ያለና ጠንካራ መሆኑን ቃል ሳልጨምር ያውቀዋል። ሁሉም ዝርያዎች ግን ቤት አይሠሩም፤ ድንጋይ መካከል መረብ ዘርግተው ምግብ የሚያጠምዱም አሉ፣ አረንጓዴ ገላ ያለው ዝንባችን የሚመስለውም የእነዚህን ዓይነቶቹን እጭ ነው።

እጩን ለማሰር ከውጭ የሚመጣው መንጠቆው ብቻ ነው። ቁጥር 14 መንጠቆ፣ ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ክሬም ወይም አረንጓዴ ሱፍ፣ ለጭንቅላቱ ደግሞ ጥቁር ቡናማ ሱፍ ይበቃል። ሽቦው በመንጠቆው ኋላ ታስሮ ይቆይና፣ ሱፉ በክሩ ላይ በጣት እየታሸ እንደ ፈትል ቀጥኖ ወደ ፊት ይጠመጠማል፤ ከዚያ ሽቦው ሱፉ ከተጠመጠመበት በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። በአንድ አቅጣጫ ከዞረ ሱፉ ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል፣ የዓሣው ጥርስ አንዴ ከነካውም ሁሉም ነገር ይተረተራል። ጀማሪዎች ሁልጊዜ ሱፍ ያበዛሉ። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ምን ያህል በጥቂቱ እንደሚለቁ ያየ ሰው መጠኑን ለመያዝ ብዙ አይቸገርም።

«የአጋዘን ጸጉር ከባሌ ይገኛል።» ይህኛው አያሰለቸኝም፤ ያስቆጣኛል። አሜሪካዊው አል ትሮት እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው ታዋቂው ተንሳፋፊ ካዲስ ክንፉ ኤልክ ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ጸጉር ነው። በአማርኛ «አጋዘን» ተብሎ ስለሚተረጎም ሰው ወዲያው የሚያስበው የደጋ አጋዘንን፣ በ10 ሳንቲማችን ላይ ምስሉ ያለውን ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ፣ ለመጥፋት የተቃረበና ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ ነው፤ ዝምድናውም ከቀንድ ከብት ጋር እንጂ ከኤልክ ጋር አይደለም። ቆዳውን ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር በሬ አልከፍትለትም።

የፍየል ጸጉርም አይተካውም። የኤልክ ጸጉር በውስጡ አየር የያዙ ጥቃቅን ክፍሎች ስላሉት ይንሳፈፋል፣ በክር ሲጠብቅም እንደ መጥረጊያ ይበተናል፤ የፍየሉ ግን ተኝቶ ይቀራል። አንድ ተማሪዬ ከፍየል ጸጉር በጣም ያማረ ዝንብ አስሮ ዌብ ላይ ሁለት ጊዜ እንደ ወረወረው ሰጠመበት፣ የቀረውን ቀን በእጭ ሲያጠምድ ዋለ። የተሻለው ምትክ ገበያ ውስጥ አለ፦ የፕላስቲክ ሲባጎ። ቁራጩን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሩት፤ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ነውና ፈትታችሁ በመርፌ አበጥሩት፣ ከሰጠመ ናይሎን ሊሆን ስለሚችል ተዉት። ክንፉን ስታስሩ እንደ ድንኳን ጣሪያ በገላው ላይ ዘንበል ይበል፤ ካዲስ ሲያርፍ ክንፉን የሚያጥፈው እንደዚያ ነው።

«የበዓል አውራ ዶሮ አንገት ላባ ይበቃል።» በተንሳፋፊው ዝንብ ገላ ዙሪያ ለሚጠመጠመው ላባ አይበቃም። ላባውን ጎንበስ አድርጋችሁ ዘንጎቹን በጥፍር ንኩ፤ እንደ ሽቦ ተመልሰው የማይቆሙና ከሥራቸው ለስላሳ ብናኝ የበዛባቸው ከሆኑ ውኃ ይጠጣሉ። ለፑፓ እግር ግን ይኸው ለስላሳ ላባ እጅግ ጥሩ ስለሆነ፣ ዶሮው የፈላ ውኃ ሳይነካው ከአንገቱ ጥቂት ንቀሉ። አንድ ዙር ብቻ ጠምጥማችሁ ወደ ኋላ አስተኙት፤ ፑፓ ወደ ውኃው ገጽ ሲዋኝ ትራውት አሳድዶ የሚይዘው እነዚያ እግሮች ሲንቀሳቀሱ አይቶ ነው።

«ካዲስ ጅራት አለው።» የለውም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጅራት ያለው ሜይፍላይ የሚባለው ሌላ ነፍሳት ነው።

«ቁጥሩ ከፍ ያለ መንጠቆ ትልቅ ነው።» ተቃራኒው ነው፤ ቁጥር 16 ከቁጥር 12 ያንሳል።

«የመስታወት ጨሌ ዝንቡን ያሰምጠዋል።» ያሳምረዋል እንጂ እንደ ነሐስ አያከብደውም። ክብደት ከፈለጋችሁ ከሱፉ ሥር የመዳቡን ሽቦ ስምንት ወይም አሥር ዙር ጠምጥሙ፣ ከመንጠቆው ቀለበት በስተኋላም ለጭንቅላቱና ለመጨረሻው ቋጠሮ የሚሆን ባዶ ቦታ ተዉ፤ ዌብ ዳር ቆሞ በክር የተደፈነ ቀለበት በመርፌ ለመክፈት ሲታገል ያላየሁት ተማሪ የለም።