የጎማ ግፊት መብራት ሲበራ፦ በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ የሚነገሩ ስህተቶች

ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው ቢጫ ምልክት፣ መሃሏ ቃለ አጋኖ ያለባት፣ ጎማ ጎድሏል ማለቷ ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች ግን በተሳሳተ ምክንያት ያልፏታል።

«ጠዋት በርታ ነበር፣ ትንሽ ስነዳ ጠፋች፤ ስለዚህ ሰላም ነው»

ሰላም አይደለም። የጠፋችው ጎማው ሞቆ ግፊቱ ስለጨመረ እንጂ የጎደለው ስለተሞላ አይደለም። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ በጉዞ የጋለ ጎማ 33 ተሞልቶ ደሴ ቢያድር፣ በማለዳው ብርድ 29 ገደማ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያውም የጎደለ ከሆነ መብራቷ ትበራለች። ትክክለኛው ልኬት መኪናው 3 ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ፣ ሳይነዳ የሚወሰደው ነው። ነፋስ መሙያው ሩቅ ከሆነ የእጅ መለኪያ ገዝቶ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

«ከፍታው ነው የሚያበራት»

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ይህ ልዩነት መለኪያው ላይ የሚያመጣው ለውጥ 1 ፒኤስአይ ያህል ብቻ ነው፤ ሲወርዱ ይቀንሳል፣ ሲወጡ ይጨምራል። ቁልቁል ሲሄዱ የሚቀንሰውንም የኮምቦልቻ ሙቀት ይመልሰዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ከበራች ከፍታውን ትተው ሚስማር ይፈልጉ። ሳያጣድፉ ፍጥነት ቀንሰው፣ ከመታጠፊያ ርቆ ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሙ። አንዱ ጎማ በግልጽ ከተኛ በእሱ አይንዱ፤ ስኮርታውን ይቀይሩ። የተኛ ከሌለ በቀስታ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ይሂዱ። የሚወጣበት ቦታ ካልታየ ቫልቩ ላይ የሳሙና ውሃ ያፍስሱ፤ አረፋ ከሠራ የሚያስወጣው እሱ ነው።

«ሐረጎን ስወርድ ጎማው ጠጥሯል፣ ላስተንፍሰው»

አይንኩት። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለትና የፍሬኑ ሙቀት ግፊቱን ከፍ ማድረጉ የሚጠበቅ ነው። አሁን ያስተነፈሱት ሲቀዘቅዝ ይጎድላል።

«የሚሞላው ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው»

እሱ ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ግፊት ነው። ለመኪናዎ የሚሆነው በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይገኛል፤ የፊትና የኋላው ሊለያይ፣ ለሙሉ ጭነትም ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል።

«ካልበራች ጎማዬ ልክ ነው»

ብዙ መኪኖች ላይ የምትበራው ግፊቱ በሩብ ያህል ከወረደ በኋላ ነው። 33 የሚፈልግ ጎማ 27 ላይ ሆኖ ዝም ልትል ትችላለች። የጎማዎችን አዟዟር በማነጻጸር የሚሠራው ዓይነት ደግሞ አራቱም እኩል ከጎደሉ ላያውቅ ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ይለኩ።

«ብልጭ ድርግም ካለችም ነፋስ ይሞላ»

መኪናው ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ ቋሚ ሆና ከቀረች፣ የተበላሸው ራሱ ሥርዓቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጎማው ውስጥ ሆኖ ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ባትሪ አልቋል። ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት ስለሚቆይ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው። ጎማውን ግን መለካት አይቅር። ሴንሰሩ ከቫልቩ ጀርባ፣ ቸርኬው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ጎሚስታው ጎማውን ሲያወልቅ ብረቱን እዚያው አጠገብ ካስገባ ይሰብረዋል። ሥራ ሳይጀምር «ሴንሰር አለው» ብለው ይንገሩት።