«በሂሳብ አያያዝ መርህ መሠረት» ብሎ መፈረም ይበቃል?

አዳማ ላይ ሰው ተሻርኮ ሆቴል ይሠራል፣ የጭነት መኪና ይገዛል፣ ከባንክ ይበደራል። ውሉ ላይ ዋጋው፣ ድርሻው፣ ቀኑ አንድ በአንድ ይጻፋል። ትርፉ በምን እንደሚሰላ ግን የሚሰጠው አንድ መስመር ነው፤ «ተቀባይነት ባለው የሂሳብ አያያዝ መርህ መሠረት»። ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህች መስመር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

«ሂሳብ ሂሳብ ነው፣ ማንም ቢሠራው ያው ነው።» በፍጹም! በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት እንደ ባንክና ኢንሹራንስ ያሉት ሙሉውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ (አይኤፍአርኤስ) ይከተላሉ፤ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ደግሞ አጠር ያለ የራሳቸው ደረጃ አለ። ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። ሆቴል ያላቸው ሸሪኮች በብድር ሁለተኛ ሕንፃ እያስገነቡ ነው እንበል። ነባሩ ሆቴል 4 ሚሊዮን ብር አተረፈ፣ ለአዲሱ ሕንፃ ብድር 5 ሚሊዮን ወለድ ተከፈለ። በሙሉው ደረጃ በግንባታው ጊዜ የተከፈለው ወለድ የሕንፃው ዋጋ ላይ ይደመራል፤ ስለዚህ ትርፉ 4 ሚሊዮን ነው። በአጭሩ ደረጃ ግን ወለዱ የዓመቱ ወጪ ስለሆነ 1 ሚሊዮን ኪሳራ ይወጣል። ያጭበረበረ የለም። አንዱ ሸሪክ ድርሻዬን አምጡ ይላል፣ ሌላው ምን ትርፍ አለና ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

«አይኤፍአርኤስ ብለን ጽፈናል፣ አለቀ።» የመቼውን? ደረጃው ይቀየራል። በፈረንጆቹ 2019 ኪራይን የሚመለከተው ክፍል፣ አይኤፍአርኤስ 16፣ ሥራ ላይ ሲውል፣ ከ12 ወር የሚበልጥ የመጋዘን ወይም የሱቅ ኪራይ በተከራዩ መዝገብ ላይ ዕዳ ሆኖ መታየት ጀመረ። 10 ሚሊዮን ካፒታልና 10 ሚሊዮን ዕዳ ያለው ድርጅት፣ ዕዳዬ ከካፒታሌ 1.5 እጥፍ አይበልጥም ብሎ ለአበዳሪው ፈርሟል እንበል። የኪራዩ 6 ሚሊዮን ሲጨመር 1.6 እጥፍ ሆነ፤ አንድ ብር ሳይበደር ውል አፈረሰ ማለት ነው! መፍትሔው ቀላል ነው። ወይ በተፈረመበት ቀን ባለው ደረጃ ይሰላል በሉ፣ ወይ ደረጃው ሲቀየር ተነጋግረን ልኬቱን እስክናስተካክል በድሮው እንቀጥላለን ብላችሁ ጻፉ።

«ኦዲተር ፈርሞበታል እኮ።» ኦዲተሩ የሚመሰክረው ስለ ሂሳብ መግለጫው ነው እንጂ ስለ ውላችሁ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ «ከተጣራ ትርፍ 5 በመቶ» ይከፈለዋል ካላችሁ፣ ከግብር በፊት ነው በኋላ? የእሱ ጉርሻስ መጀመሪያ ይቀነሳል? ይህን ኦዲተር አይወስንላችሁም።

«ለገቢዎች ያቀረብነው ትርፍ አለ።» እሱ ለግብር የተስተካከለ ነው። ለምሳሌ ቅጣት በመዝገብ ላይ ወጪ ነው፣ ግብር ሲሰላ ግን ተቀናሽ አይሆንም።

«ካልተስማማን ፍርድ ቤት ያስተካክለዋል።» ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1733 መሠረት ቃሉ ግልጽ ከሆነ ዳኛው በትርጉም ሰበብ ከቃሉ አይወጣም፤ አስባችሁት የነበረው ሌላ ቢሆንም። ቃሉ ካጠራጠረ ደግሞ ቁጥር 1738 አለ፤ ትርጉሙ ግዴታ ለገባው ወገን፣ እዚህ ላይ ለከፋዩ፣ ያደላል። ስለዚህ ገንዘብ ተቀባዩ እናንተ ከሆናችሁ፣ የደረጃውን ስምና ቀኑን ማስጻፍ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፣ ያውም ከመፈረማችሁ በፊት።