የጠፋ መዝናኛ ፓርክና የዳንስ አዳራሽ እንዴት ይፈለጋል?

የተረሳ መዝናኛ ፓርክ ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ አሮጌ ፖስት ካርድ ነው። ሐይቅ፣ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች፣ ከኋላ የእንጨት ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚፈተለክ ጋሪ) ይታያል። ዛሬ ቦታው ላይ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። በመሀል ምን ተፈጠረ? የአካባቢ ታሪክ ወዳጆች፣ አብዛኞቹም ያለ ክፍያ፣ የሚያሳድዱት ይህን ነው።

ፓርኮቹ ለምን እንደተከፈቱ ማወቅ ድካሙን ያቀላል። በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የኤሌክትሪክ ትራም ድርጅቶች በዕረፍት ቀን ተሳፋሪ ያጥራቸው ነበር። መፍትሔው በመስመሩ ጫፍ ፓርክ መሥራት ሆነ። ስለዚህ የድሮ የትራም ካርታ ያገኘ ሰው ጣቱን መስመሩ የሚያልቅበት ላይ ያሳርፍ። የግል መኪና ሲበዛና የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ብዙዎቹ ተዘጉ።

ስም ግን ያሳስታል። ሉና ፓርክ በኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ በ1903 ተከፍቶ ሲደምቅ፣ በየአገሩ ያሉ ፓርኮች ስሙን ወሰዱት። «ድሪምላንድ» እና «ኋይት ሲቲ» የተባሉትም ብዙ ናቸው። ከተማውንና ዓመቱን ያልያዘ ፈላጊ የሌላ አገር ፓርክ ታሪክ ሲያነብ ይውላል።

ደስታ መዝገብ ላይ ብዙም አይሰፍርም። እሳት፣ ዕዳና ክስ ግን ይሰፍራሉ። እኔ ብሆን ከመክፈቻው ማስታወቂያ ይልቅ የቃጠሎውን ዜና አስቀድማለሁ። የኮኒ አይላንዱ ድሪምላንድ በ1911 ሲቃጠል ጋዜጦች ምን እንደነበረና ምን እንደወደመ በዝርዝር ጽፈዋል። እሳት ይፈራ ስለነበር ደግሞ የመድን ድርጅቶች ካርታ ያስፈልጋቸው ነበር። ሳንቦርን የተባለው ድርጅት ከ1867 ጀምሮ የአሜሪካ ከተሞችን ቤት በቤት ስሏል። ቢጫ ቀለም የእንጨት ግንባታ ነው፣ ሮዝ የጡብ። ቤት ሲፈርስ ወይም ሲጨመር አዲስ ቁራጭ ወረቀት በአሮጌው ላይ ይለጠፋል። እንዲህ ያለ ቁራጭ ሲያጋጥም ማለፍ አያስፈልግም፤ አንድ ነገር እንደተቀየረ ይናገራልና።

የዳንስ አዳራሽ ሲሆን ዋናው ነገር ፈቃድ ነው። አየርላንድ በ1935 ባወጣችው ሕግ አዳራሽ የሚከፍት ሰው ከፍርድ ቤት ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፤ ስለዚህ ማመልከቻው የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ይፈለጋል። ኒውዮርክም ከ1926 እስከ 2017 ዳንስ በፈቃድ ነበር። በነገራችን ላይ፣ ማን እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር የሚለውን ያልጠየቀ ጥናት ግማሽ ነው። ሜሪላንድ ያለው ግሌን ኤኮ ፓርክ ጥቁሮችን አያስገባም ነበር። በ1960 ተማሪዎች የእንጨት ፈረሶች የሚሽከረከሩበት መጫወቻ (ሽክርክሪት) ላይ ወጥተው ተቀመጡ፣ ታሰሩም። በዓመቱ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ፓርኩ በ1968 ቢዘጋም የ1933ቱ የዳንስ አዳራሹ አሁንም ይጨፈርበታል።

ሽማግሌዎችን ማነጋገርም አይቀርም። ዓመተ ምሕረት መጠየቅ ግን ብዙ አያዋጣም፣ ሰው ዘመን ያምታታል። በምን ተሳፍረው ሄዱ? ማን ይዟቸው ሄደ? መግቢያው ላይ ምን ይሸጥ ነበር? ፎቶ እጃቸው ላይ ማስያዝ ደግሞ ወሬውን ይፈታዋል። ከዚያ የተባለውን ከካርታና ከጋዜጣ ጋር ማስተያየት ነው።

አንዳንዴ ቦታው ቢጠፋም ዕቃው ሌላ ከተማ ይገኛል። ኦሃዮ፣ ያንግስታውን የነበረው አይዶራ ፓርክ በ1984 ተቃጥሎ ተዘጋ። በ1922 የተሠራው የ48 ፈረሶቹ ሽክርክሪት ለጨረታ ቀረበ። የገዙት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሚስትየዋ ጄን ዋለንታስ የላይኛውን ቀለም ድርብ በድርብ እየፋቀች የመጀመሪያውን ለማግኘት ዓመታት ፈጀባት። ሽክርክሪቱ በ2011 ብሩክሊን ወንዝ ዳር፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ሥራ ጀመረ። ያንግስታውን የቀረው የዳንስ አዳራሽ ግን በ2001 በእሳት ወድሟል።