ማርከር ምንድን ነው?

ቪዲዮ በምታቀናብሩበት ፕሮግራም ውስጥ የ40 ደቂቃ ቃለ ምልልስ ታይምላይን (ምስልና ድምፅ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደርበት መስመር) ላይ ተዘርግቷል። እያዳመጣችሁ ሳለ እንግዳው አንድ ነገር ተናገረ፤ «መክፈቻው ይኼ ነው!» አላችሁ በልባችሁ። ቪዲዮውን ሳታቆሙ ኪቦርዱ ላይ ኤምን ስትጫኑ ትንሽ ባለቀለም ምልክት ዱብ ይላል። ማርከር እሱ ነው። ምስል አይቆርጥም፣ ድምፅ አይነካም፣ ያለቀለት ቪዲዮ ላይም አይታይም። ሥራው ቦታ መያዝ ብቻ ነው።

በአማርኛ ስም እናውጣለት ከተባለ «ዕልባት» ይመቸኛል፤ አንባቢ ገጹ እንዳይጠፋው መጽሐፉ ውስጥ ጣል የሚያደርገው ክር ማለት ነው። ማርከር ግን የሚይዘው አንዲት ፍሬም (ቪዲዮ ከሚሠራባቸው ቋሚ ምስሎች አንዷን) ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ 40 ሚሊሰከንድ። ሐሳቡ ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። ፊልም በመቀስ በሚቆረጥበት ዘመን ኤዲተሮች ሴሉሎይዱ ላይ በሰም እርሳስ ምልክት ያደርጉ ነበር።

ፕሪሚየር ፕሮና ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባሉት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ኤምን ሁለቴ ብትጫኑ መስኮት ይከፈታል፤ ስም፣ ማስታወሻ፣ ቀለም፣ ከፈለጋችሁም ርዝመት ትሰጡታላችሁ። ይኼ ቀላሉ ነው። ሰው የሚሳሳተው ማርከሩ ምን ላይ እንደተቀመጠ ሳያይ ሲቀር ነው።

ማርከር ታይምላይኑ ላይ ወይም ክሊፑ (ታይምላይኑ ላይ የተቀመጠው የቪዲዮ ወይም የድምፅ ቁራጭ) ላይ ሊያርፍ ይችላል። ክሊፑ ላይ ያረፈ ክሊፑ በሄደበት ይሄዳል። ታይምላይኑ ላይ ያረፈው ግን የሚያውቀው ሰዓቱን ነው፤ ከሥሩ ያለው ምስል ቢቀየርም ግድ የለውም። እኔ ይኼን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። አንድ ሥራ ላይ ከ30 በላይ ማስታወሻ ታይምላይኑ ላይ ደርድሬ ስጨርስ፣ መግቢያው ረዘመ ተባለና አንድ ደቂቃ ተኩል ቆርጬ ጣልኩ። ክሊፖቹ ወደ ግራ ተጠጉ፣ ማርከሮቹ ባሉበት ቀሩ። «ሳቁ ይውጣ» የሚለው ማስታወሻ ዝም ብሎ በተቀመጠ ሰው ፊት ላይ ተገትሮ አገኘሁት። ፕሪሚየር ፕሮ ማርከሮቹን ከቆረጣው ጋር የሚያንቀሳቅስ ምርጫ ማርከር ሜኑው ውስጥ አለው፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ምርጫው ኦን መሆኑን እዩ። ስለ ምስሉ የሚያወራ ማስታወሻ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ክሊፑን ምረጡና ኤምን ተጫኑ። ፋይናል ከት ፕሮ የሚባለው ሌላው ማቀናበሪያ ላይ ጣጣ የለም፤ ማርከሩ ሁሌም ክሊፑን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ሙዚቃ ላይ ስትቆርጡ ምቱን እየሰማችሁ ኤምን መታ መታ ማድረግ ደስ ይላል፤ የክሊፑ ጫፍ በስናፕ (ጫፍን ወደ ቅርብ ምልክት ስቦ በሚያጣብቀው ምርጫ) ማርከሩ ላይ ልክክ ይላል። ጣት ግን ከጆሮ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ የድምፁን ሞገድ አጉልታችሁ ማርከሩን ሞገዱ ሽቅብ ወደሚወጣበት ቦታ መልሱት። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በ24 ፍሬም ቪዲዮ በየ12 ፍሬሙ ይመታል፤ በ25 ፍሬም ግን 12.5 ስለሚሆን አንዱ ምት በሁለት ፍሬም መካከል ይወድቃል። ያቺን ግማሽ ፍሬም ዓይን አያያትም፣ አትጨነቁባት።

ድምፅ ለብቻው ተቀድቶ ከሆነም ክላፑ (ቀረጻ ሲጀመር የሚመታው ሰሌዳ) የጮኸበት ላይ፣ በካሜራውም በሪከርደሩም ክሊፕ፣ አንዳንድ ማርከር አድርጋችሁ ፕሪሚየር ፕሮን ምስሉንና ድምፁን በክሊፕ ማርከር አገናኝልኝ ማለት ይቻላል። ዩቲዩብ ላይ ምዕራፍ ለማውጣትም የማርከሮቹን ሰዓት መግለጫው ውስጥ መጻፍ ነው፦ የመጀመሪያው 0:00፣ ቢያንስ ሦስት፣ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ ያላነሰ።

ቀለምን በተመለከተ ሁሉም የየራሱ ልማድ አለው። ለእኔ አረንጓዴ ጥሩ ንግግር ነው፣ ሰማያዊ ሙዚቃ፣ ቀይ መስተካከል ያለበት። ማታ ሲመሽ ፕሪሚየር ፕሮ ላይ ሺፍትና ኤምን እየተጫንኩ ከአንዱ ወደ ሌላው እዘላለሁ፤ ያስተካከልኩትን ቀይ እያጠፋሁ። አንድ ቀይ እንኳ ቀርቶ ከሆነ ኤክስፖርት አላደርግም።