የቴአትር ዲኮር ግንባታ፦ የቡድን ሥራና የወጪ ግምት

የቴአትር ዲኮር ተዋናዩ የሚገባበት በር፣ የሚደገፈው ግድግዳ፣ የሚወጣበት ደረጃ ነው። ከተመልካች ወንበር የድንጋይ ቤት ይመስላል። ከኋላ ዞሮ ላየው ግን እንጨት፣ አቡጀዲ፣ ኮላና ቀለም ነው። ዲዛይነሩ ይነድፈዋል፤ አናጺው፣ ቀለም ቀቢው፣ የመብራት ባለሙያውና የመድረክ አስተዳዳሪው ተረባርበው ያቆሙታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራው የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ሀገር ፍቅር (1927 ዓ.ም.) እና ብሔራዊ ቴአትር (1948 ዓ.ም.) ባሉ ቤቶች አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ ቀን መታየቱ የተለመደ ነው። በማግሥቱ መድረኩ የሌላ ተውኔት ነው። የተወደደ ሥራ ደግሞ ለወራት ይዘልቃል። ስለዚህ ዲኮሩ በየሳምንቱ ይተከላል፣ ይፈታል፣ ጥግ ይይዛል። በምስማር ብቻ የተመታ ፓኔል (አቡጀዲ የሚወጠርበት የእንጨት ፍሬም) ደጋግሞ ሲነቀል እንጨቱ ይላላል። በማጠፊያና በብሎን የተያያዘው ሲሠራ ወደድ ይላል እንጂ ዕድሜ አለው። ግምት ሲወጣ የሚዘነጋውም ይኸው ነው፤ የመትከያና የመፍቻ ጉልበት፣ የጥገና ቀለም፣ የማስቀመጫ ቦታ።

ሒሳቡ ከንድፉ ይነሣል። ዲዛይነሩ ብዙ ጊዜ በ1፡25 ሞዴል ይሠራል፤ 1 ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አናጺው ከዚያ ላይ እያንዳንዱን ቁራጭ ይዘረዝራል። ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆኑ 10 ፓኔሎች ይሠሩ እንበል። አንዱ ሁለት ቋሚና ሦስት አግዳሚ ይፈልጋል፤ የእንጨቱን ውፍረት ለጊዜው ብንተወው 8.54 ሜትር ነው። ለአሥሩ 85.4 ሜትር። 4 ሜትር ርዝመት ላለው እንጨት ሲካፈል 22 ይበቃል ያሰኛል።

አይበቃም። ከአንዱ እንጨት አንድ ቋሚና አንድ አግዳሚ ይወጣል፤ የሚተርፈው 34 ሴንቲ ሜትር ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንዲህ እየተቆረጠ 20 እንጨት ሁሉንም ቋሚዎችና 20 አግዳሚዎችን ይሰጣል። ለቀሩት 10 አግዳሚዎች ሌላ 4 ያስፈልጋል። በድምሩ 24። ሁለት እንጨት ምን አላት ይባል ይሆናል። ሥራ ቆሞ አንድ ሰው መርካቶ ሲመላለስ ግን የታክሲውና የባከነው ግማሽ ቀን ሒሳብ ከእንጨቱ ዋጋ ይበልጣል።

ይህን አናጺው ገና ንድፉን ሲያይ ያውቀዋል፤ ካልኩሌተር የያዘው ሰው ላያውቅ ይችላል። ሌላውም ሙያ እንደዚያው ነው። አቡጀዲ የመጀመሪያው ቅብ ሲደርቅ እንደሚኮማተርና ከልክ በላይ ከተወጠረ ቀጭን ፍሬም እንደሚያጣምም ቀለም ቀቢው ያውቃል። የመብራት ባለሙያው የትኛው ግድግዳ ብርሃኑን እንደሚጋርድበት ይናገራል። የመድረክ አስተዳዳሪው ደግሞ የዕቃ ማስገቢያውን በር ስፋት ይለካል፤ የማይገባ ደረጃ ተሠርቶ ከመጋዝ ጋር ደጅ መቆም ብርቅ አይደለም። ግምቱን አንድ ሰው ብቻውን ቢሮ ተቀምጦ ሲያወጣው የሚጎድለው ለዚህ ነው።

በጀት ሲጠብ ቶሎ የሚሰረዘው እሳት የሚከላከል ቅብ ነው። መሰረዝ የሌለበትም እሱ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ቺካጎ በነበረው ኢሮኮይ ቴአትር ከመድረክ መብራት የተነሣ እሳት መጋረጃና የተቀባ ሸራ ይዞ ከ600 በላይ ሰው ፈጅቷል።

ተውኔቱ ከመድረክ ሲወርድ ፓኔሎቹ በልካቸው ከቆዩ ተቀብተው ለቀጣዩ ሥራ ይውላሉ፤ የቀጣዩ ግምትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ለአንድ ትዕይንት ተብሎ ደህና ፓኔል ከመቆረጡ በፊት አናጺውን መጠየቅ ነው።