የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክና ባለአደራዎቹ

የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከተማዋን እንደ ግድግዳ በሚጋርደው ተራራ ላይ የሚገኝ፣ 1,300 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የደን ይዞታ ነው። በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ለጎብኚዎች ከተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል። ይህኛው በዕድሜ ይቀድማል፤ ዋና ዓላማውም መዝናኛ ሳይሆን አገር በቀል ዛፎችን ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። ለመንከባከብ የተረከበው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩ ለአገሩ ቅርስና ተፈጥሮ በተቆረቆሩ በጎ ፈቃደኞች በ1980ዎቹ የተመሠረተ ነው።

ባለአደራነቱ ግን እንግዳ ነገር አለበት። በእንጦጦ ስሙ የሚነሣ ዛፍ ተካይ ቢኖር ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ የማኅበሩ ሥራ ደግሞ ከሞላ ጎደል እሳቸው ያስፋፉትን ዛፍ መቀነስ ነው።

ምኒልክ በ1870ዎቹ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ሲያመጡ ሠራዊቱና መኳንንቱ ማገዶውንም የቤት መሥሪያውንም የሚፈልጉት ከዚያው ከተራራው ነበር። ደኑ ብዙ አልቆየም። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም እንጨቱ እየራቀ ሄደ። በጊዜው ልማድ እንጨት ሲያልቅ የሚነሣው ከተማው ነው፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት መሠራቱም ከዚሁ የተነሣ ነበር። አዲስ አበባን ባለችበት ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የገባው በ1887 ዓ.ም. ግድም እንደሆነ ይነገራል፤ አስመጪ ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰውም የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ሕዝቡ ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ ላይ አኖረለት።

በእንጦጦ የሚበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ አይሞትም። ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ያወጣል፤ ባለቤቱ ጠንካራ ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን ይመለምላል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለአጠና ይደርሳል። የደረቀ ቅጠሉም እንጀራ ይጋገርበታል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ማማት ቀላል አይደለም። ጥፋቱ ከሥሩ ሲያዩት ነው፦ ሣሩ ሳስቷል፣ አፈሩ ተራቁቷል፣ ዝናቡ ሳይሰርግ ይወርዳል። የእንጦጦ ሸንተረር የዓባይና የአዋሽ ተፋሰሶች መለያያ በመሆኑ፣ በደቡቡ ገጽ የወረደው ውኃ በአዲስ አበባ ወንዞች በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ተራራው ያልያዘውን ጎርፍ የሚቀበለው ከታች ያለው ሠፈር ነው።

ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ጠርጎ ማንሣት ግን የባሰ ነው፤ የተራቆተው ገደል በአንድ ክረምት ይሸረሸራል። ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው መንገድ፣ ከራሳቸው የሚሰፋ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝለው ጎንበስ ብለው የሚወርዱት ሴቶችም አሉ። እንጀራቸው ከዚሁ ዛፍ ነው፤ ለምን ቆረጣችሁ ብሎ መቆጣት አማራጭ ከማዘጋጀት ይቀልላል።

ስለዚህ መተካቱ የሚሄደው በዝግታ ነው። የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ቦታቸውን የሚይዙት ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሲሄድ ነው። ጉድጓዱ ከክረምት በፊት ይቆፈራል፤ ችግኙ መሬቱ ሲርስ በሐምሌ ይተከላል። ላስቲኩ የሥሩ አፈር ሳይበተን መቀደድ አለበት፤ በዘመቻ ጥድፊያ ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ብዙ አይራመድም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ማንም ፎቶግራፍ አያነሣውም፦ የኅዳር ውርጭ፣ የከብት አፍ፣ የበጋው ድርቅ፣ ከአጠገቡ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ጉቶ።

ኮሶም ጥድም ሴቴና ወንዴያቸው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ለኮሶ ትል ይጠጣ የነበረው የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ፣ ዘለላ ሠርቶ የሚንጠለጠል አበባ ነው። ለዘር የሚሆኑ ሸምገል ያሉ ጥዶች በብዛት የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው።

በከተማዋ ዳርቻ ሌሎች ተመሳሳይ ቦታዎችም አሉ። በሰሜን ምዕራብ፣ በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይሸፍናል፤ ታዋቂው የዕፅዋት ተመራማሪ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መርተውታል። በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። እዚያ ለማቀፍ አንድ ሰው የማይበቃው ጥድ አለ፤ ጉሬዛም ይዘልበታል።

በግቢው ጥድ ሊተክል ያሰበ ሰው ፍሬውን ቢያይ ጥሩ ነው። የሐበሻው ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ፍሬ አለው፤ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን እንደ እንጨት ይደርቃል። ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄዶ «ጥድ» ብቻ ብሎ ለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የፈረንጁ ነው።