«ቀጥተኛ ያልሆነ ብርሃን» ምንድን ነው? ከመስታወት ጀርባ ያለች ፀሐይስ?

ጥቅምት በገባ ቁጥር የተቃጠሉ ቅጠሎች ፎቶግራፍ ይደርሰኛል። ዘንድሮ የመጀመሪያው ሞንስቴራ የሚባለው የቤት ውስጥ ተክል ነበር፤ ሰፊ ቅጠል፣ መሐሉ ነጥቶ እንደ ብራና የደረቀ። አጉልቼ ሳየው በነጣው መካከል ጥርት ያለ አረንጓዴ ቅርጽ ታየኝ፤ ከላይ ያለው ቅጠል ጥላ ነው። ጥላው ያረፈበት ተርፏል፣ ቀሪው ተቃጥሏል። እንዲህ ያለ ማስረጃ ፊት ለፊት እያለ ስለ ቤት ውስጥ ተክሎች ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው ለተክሉ ባለቤት «ውሃ ጠምቶት ነው፤ ከመስታወት ጀርባ ስለሆነ ብርሃኑ ቀጥተኛ አይደለም» ብሏታል። ይህን አባባል እጅግ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ስንት ተክል እንዳስጨረሰም አይቻለሁ።

ቀጥተኛ ብርሃን ማለት ከፀሐይ ተነሥቶ ምንም ሳይበትነው ቅጠሉ ላይ የሚያርፍ ጨረር ነው። ቀጥተኛ ያልሆነው ከሰማይ፣ ከደመና ወይም ከግድግዳ ተበትኖ የሚደርሰው ነው። ጥያቄው ብርሃኑ በምን መንገድ መጣ የሚል ነው። ንጹሕ የመስኮት መስታወት ደግሞ መንገዱን አያስለውጠውም፤ ከሚታየው ብርሃን ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ የሆነውን እንደ መጣ ያሳልፈዋል። በብዛት የሚያስቀረው የእኛን ቆዳ የሚለበልበውን የአልትራቫዮሌት ክፍል ነው። መካሪውን ያሳሳተውም ይህ ይመስለኛል። የቅጠልን አረንጓዴ የሚያነጣው ግን ያው ቅጠሉ የሚመገበው የሚታየው ብርሃን ነው። ክሎሮፊል፣ ማለትም ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ቀለም፣ ሊሠራበት ከሚችለው በላይ ሲቀበል ትርፉ ኃይል ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥርና ክሎሮፊሉን ራሱን ያፈርሰዋል። በዚያ ላይ መስታወቱ ነፋስ ይከለክላል፤ ሜዳ ላይ ቢሆን ነፋሱ ያቀዘቅዘው የነበረው ቅጠል እዚያው ይግላል።

በክረምት ዝናብ ላስረዳ። ጣሪያ ላይ የወረደው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ሲወርድ መሬቱን ይቦረቡራል፤ ካፊያ ግን ግቢውን ሁሉ አርሶ አንዲት ችግኝ አያጎብጥም። ቀጥተኛ ጨረር አሸንዳ ነው። ከሰማይና ከግድግዳ የሚመጣው ካፊያ ነው፤ ከየአቅጣጫው ስለሚደርስ የታችኛውን ቅጠል ሳይቀር ያገኘዋል። ንጹሕ መስታወት በአሸንዳው ላይ የተቀጠለ ቱቦ ነው፤ ውሃውም ያው፣ ኃይሉም ያው። ስስ ነጭ መጋረጃ ግን ከአሸንዳው ሥር የተያዘ ወንፊት ነው፤ ወራጁን ወደ ጠብታ ይበትነዋል። ከመስኮቱ የራቀው የሳሎን ጥግ ደግሞ ጣሪያው ሥር ነው፤ አሸንዳውም ካፊያውም አይደርሱበትም። «ቀጥተኛ ያልሆነ ብርሃን ይወዳል» ሲባሉ ተክሉን እዚያ ጥግ የሚያስገቡት ሰዎች የተሳሳቱት በሌላው ጫፍ ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያንሳል። አሸንዳ ሲወርድ ይሰማል፣ የብርሃንን መጠን ግን ዓይናችን አይነግረንም፤ ራሱን ስለሚያስተካክል ደጁም ሳሎኑም «ብርሃን አለው» ይመስለናል። በብርሃን መለኪያው በሉክስ ብንቆጥር፣ ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመታው ሜዳ ወደ 100,000 ሉክስ ሲሆን፣ ከመስኮት ሦስት ሜትር ያህል የራቀ ቦታ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይንን ሳይሆን ጥላን እመኑ። እጃችሁን ከቅጠሉ በላይ ያዙ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጠርዙ የተቆረጠ ያህል ጥርት ካለ ፀሐይዋ ቀጥታ እየመታችው ነው። ጥላው ደብዘዝ ብሎ ከታየ ሞንስቴራ የሚፈልገው ቦታ ያ ነው። ምንም ጥላ ከሌለ ቦታው ጨለማ ነው።

አሁን ወደ ጥቅምት ልመለስ። «እዚያው መስኮት ላይ ክረምቱን ሙሉ ደህና ነበር» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ 23 አካባቢ የቀትር ፀሐይ ያለችው ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው፤ በደቡብ መስኮት አትገባም። በዚያ ላይ ክረምቱ ደመና ነው። በእነዚያ ወራት የወጣው ቅጠል ሰፊና ስስ፣ ለካፊያ የተሠራ ቅጠል ነው። ከዚያ መስከረም ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይሆናል፤ ደመናው ይገፈፋል፣ ፀሐይም ወደ ደቡብ ትሻገራለች። ማሰሮው ከቦታው ንቅንቅ ሳይል አሸንዳው መጥቶበታል። በታኅሣሥ የመስኮታችሁ የላይኛው ጠርዝ ከወለሉ ሁለት ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ የቀትር ጨረር ከመስታወቱ አንድ ሜትር ትንሽ አልፎ ወለል ላይ ያርፋል። በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት የምትገባው ዝቅ ያለች ፀሐይ ከዚያም በላይ ጠልቃ ትሄዳለች፤ ከሰዓት በኋላ የምትመጣው የምዕራቧ ቀኑ ከሞቀ በኋላ ስለሆነ ትብሳለች።

ለአውሮፓ የተጻፈውን «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኝም» የሚል ምክር እንዳለ ተርጉመው የሚያሰራጩ ሰዎች ይህን ቢያዩ መልካም ነበር። ከፍታችንንም አይቆጥሩትም። በ2,300 ሜትር ላይ ከራሳችን በላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ጨረሩ ብርቱ ሆኖ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ፀሐይዋ ለስላሳ ትመስለዋለች።

ቡና ችግኝ ጣቢያ ሠርቼ ስለማውቅ ማላመድን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ችግኙ ዳስ ሥር ያድጋል፤ ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት የዳሱ ሣር በየጊዜው ይሳሳል። ዳሱን በአንድ ቀን ያፈረሰ ሰው ነጭ ችግኝ ይለቅማል። የቤት ተክልም እንደዚሁ ነው። ሳንሴቬሪያ እንኳ፣ ዘመዶቹ በቆላችን ጠራራ ፀሐይ የሚበቅሉት፣ ጨለማ ሱቅ ውስጥ ከርሞ በአንድ ቀን በረንዳ ላይ ቢወጣ ይቃጠላል። በጠዋት ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጨምሩለት።

ቡናማ የሆነ ሁሉ ግን ፀሐይ የመታው አይደለም። የውሃ ጥም ተክሉን በሙሉ ያጠወልገዋል፤ መሐሉን ብቻ መርጦ አያነጣም። ጫፍና ጠርዝ ሲደርቅ ውሃችሁንና ማዳበሪያችሁን ጠርጥሩ፤ በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ድራሴና የሚባለው የቤት ተክል ጫፉ ይደርቃል። እሬት ፀሐይ ላይ ሲቀላ ራሱን እየተከላከለ ነው፤ ጥላ ሲያገኝ ይመለሳል። ቅጠል ላይ የቀረ የውሃ ጠብታ እንደ ማጉያ መነጽር ያቃጥላል የሚባለውንም የሃንጋሪ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት ፈትሸውታል፤ ለስላሳ ቅጠል ላይ አላቃጠለም፣ ጠብታውን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ጸጉራም ቅጠል ላይ ግን ሊያቃጥል ይችላል።

ለሞንስቴራዋ ባለቤት የነገርኋት ይህን ነው። ውሃ አትጨምሪ፤ የተጎዳ ቅጠል ብዙ ውሃ ስለማይስብ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይቆይና ሥሩ ይበሰብሳል። ማሰሮውን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ተኩል አርቂው፣ ካልሆነም ስስ መጋረጃ ጋርጂበት። የነጣው ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ቅጠሉን ግን ገና አትቁረጪው፤ ጥላው ያተረፈው ክፍል አሁንም ምግብ እየሠራ ነው። አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ወጥቶ እስኪዘረጋ ድረስ ያ ክፍል ያስፈልገዋል።